ከዴጋኒያ እስከ ናሃላል፦ ከአባባ ጋር አራት ቀን

አባባ ጎንደር፣ አምቦበር አካባቢ የተወለዱ ገበሬ ናቸው። እስራኤል የገባነው በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ነው፤ እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። (ዓመቶቹን ባብዛኛው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከዚያ በኋላ አባባ እርፍ ጨብጠው አያውቁም። ፋብሪካ ሠሩ፣ ጽዳት ሠሩ፣ ጡረታ ወጡ።

ጥር ላይ ቴሌቪዥን እያዩ ድንገት ጠሩኝ። ከሰማይ የተቀረጸ መንደር ነው የሚታየው። ቤቶቹ ክብ ሠርተው ተደርድረዋል፣ ማሳዎቹ ከየቤቱ ጓሮ ተነስተው እየሰፉ ይሄዳሉ። «ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ። ናሃላል ይባላል፣ የመጀመሪያው ሞሻቭ (ቤተሰብ ሁሉ የየራሱን እያረሰ የሚተጋገዝበት የገበሬ መንደር) ነው አልኳቸው። «ድንበሩ አያጣላቸውም?» አሉ። ድንበር ገፋህ ተባብሎ ሰው በሚሞትበት አገር ላደገ ሰው መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ ይሄ ነው። መልሱን ስለማላውቅ መጋቢት ላይ አራት ቀን ፈቃድ ወስጄ አብረን ሄድን።

ረቡዕ፣ ከኔታንያ ወደ አፉላ

ሃይፋ ላይ ባቡር ይቀየራል። እኔ ሻንጣውን፣ ቆሎውንና የአባባን መድኃኒት ይዤ ስጣደፍ የአባባ ዱላ ባቡሩ ላይ ቀረ። ትዝ ያለን በሮቹ ተዘግተው ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ነው። ከጎንደር የመጣ የወይራ ዱላ ነበር። አባባ ምንም አላሉኝም፣ እሱ ነው የከበደኝ። ስልክ ደወልኩ፣ ፎርም ሞላሁ፣ እስካሁን አልተገኘም።

ከሃይፋ ወደ አፉላ የሚሄደው መስመር የሸለቆው ባቡር ይባላል። በ1905 ኦቶማኖች ከሃይፋ ደርዓ ድረስ የዘረጉት የሂጃዝ ባቡር ቅርንጫፍ ነበር። ከ1948 ጦርነት በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሞቶ ቆይቶ በ2016 እንደ አዲስ ተሠርቶ ተከፈተ። መንገድ ላይ ዮክነዓም-ክፋር የሆሹዓ የሚባል ጣቢያ አለ። ክፋር የሆሹዓም ሞሻቭ ነው። ስሙን ያገኘው የዚህን ሸለቆ መሬት በመግዛት ዕድሜውን ከጨረሰው ከየሆሹዓ ሃንኪን ነው። ሃንኪን በ1920 እና በ1921 ሰፊውን መሬት የገዛው ሱርሱክ ከሚባሉ የቤይሩት ነጋዴ ቤተሰብ ነበር። ይሄን ለአባባ ስነግራቸው በመስኮት ወደ ስንዴው እያዩ ዝም ብለው ሰሙ። ቆይተው «ነጋዴው ቤይሩት ከሆነ የሚያርሰው ማን ነበር?» አሉኝ። ጢሰኞች፣ አልኳቸው። «ጢሰኞቹስ የት ሄዱ?» አሉ።

አባባ ራሳቸው ጢሰኛ ነበሩ። እኛ ቤተ እስራኤሎች ርስት አልነበረንም። ሽማግሎቻችን ነገሩን ከዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ ከ15ኛው መቶ ዓመት ያስጀምሩታል፤ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ ይሁን ተባለ ይላሉ። ስለዚህ ወንዱ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ይሸምናል፣ ሴቷ ሸክላ ትሠራለች፣ የሚያርስም የሰው መሬት ያርሳል። አባባ የራሳቸው የሆነ መሬት የያዙት የካቲት 1967 ዓ.ም. መሬት ለአራሹ ከታወጀ በኋላ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት አረሱት። ከዚያ ጥለውት መጡ።

አፉላ አክስቴ ቤት ነው ያረፍነው። ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ የራሷ እንጀራ። አፉላ በሱፍ ፍሬ የታወቀች ከተማ ናት፣ እንደኛ ሱፍ ግን አይወቀጥም፣ ተቆልቶ በጨው በጥርስ ይፈለፈላል። አንድ ትልቅ ከረጢት በ20 ሸቀል ገዛሁ። አክስቴ «ወንድም ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜ ማሳ ለማየት አገር ለአገር መዞር ምን አመጣው?» አለቻቸው። መልስ ሳይሰጧት ሱፋቸውን ቀጠሉ።

ሐሙስ፣ ዴጋኒያ

ናሃላልን ለመረዳት መጀመሪያ ዴጋኒያን ማየት ያስፈልጋል ብዬ ነው የወሰድኳቸው። በሁለት አውቶቡስ፣ በጥብርያዶስ አድርገን፣ ገሊላ ባሕር ደቡብ ጫፍ ድረስ። አባባ ዮርዳኖስ ከባሕሩ ወጥቶ ሲፈስ ሲያዩ «ይሄ ነው እንዴ?» አሉ። ከዓባይ አገር ለመጣ ሰው ወንዝ አይመስልም፣ ጅረት ነው።

ዴጋኒያ የመጀመሪያዋ ኪቡትዝ፣ ሁሉ ነገር የጋራ የሆነባት መንደር ናት። በ1910 አሥር ወንዶችና ሁለት ሴቶች ኡም ጁኒ በሚባል ቦታ አብረው ማረስ ጀመሩ። አንድ ካዝና፣ አንድ ማዕድ ቤት፣ ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። በሩ ላይ በ1948 ጦርነት የተመታ የሶርያ ታንክ ቆሟል። ልጆች ወጥተውበት ይጫወታሉ። ጥቁር ድንጋዩን ግቢ፣ ዛፎቹን፣ ሙዚየሙን አየን። ምሳ ሻክሹካ በላን፣ 58 ሸቀል አንዱ። ውድ ነው። አባባ ከኪሳቸው ሚጥሚጣ አውጥተው ነሰነሱበት።

አባባ የሰሙት ሁሉ የሚያስታውሳቸው ደርግን ነበር። የእኛ ዘመን አንባቢ ላያውቀው ስለሚችል ልንገራችሁ። የአምራቾች ኅብረት ሥራ የሚባለው መልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ በሚሉ ደረጃዎች የሚያድግ ነበር። መልባ ላይ መሬቱ የጋራ ሆኖ በሬህና ትንሽ ጓሮ ይቀርልሃል። ወልባ ሲደረስ በሬውም ይገባል። «ስብሰባ ጠሩን፣ እጅ አውጡ አሉን፣ አወጣን» አሉ አባባ። እዚህ ግን እነዚያ አሥራ ሁለቱ ማንም ሳያስገድዳቸው በገዛ እጃቸው ነው የገቡበት። ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ እኔም አባባም በዚህ ተስማማን። ሆኖም በፈቃድ የገባውም ለዘላለም አልቆየም፤ ከ2007 ወዲህ ዴጋኒያ ላይ እያንዳንዱ የሥራውን ደመወዝ ይወስዳል፣ አቅም ለሌለው የሚሆን ግብር ለመንደሩ ይከፍላል።

ከዚያ በፊት፣ ገና በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት፣ በዚህ ኑሮ ያልረኩ ሰዎች ነበሩ። የጋራ ማዕድ ቤቱ አስመረራቸው። የራሴ ጎጆ፣ የራሴ ላም፣ የራሴ ልጆች በራሴ ማዕድ ይብሉ አሉ። መረዳዳቱን ግን አልጠሉትም። ኤሊዔዘር ያፌ የሚባል ሰው በ1919 ይሄንኑ ሐሳብ በትንሽ መጽሐፍ አወጣው። መሬቱ የሕዝብ፣ እርሻው የቤተሰብ፤ ሠራተኛ አይቀጠርም፣ ሁሉም በራሱ ጉልበት ይሥራ፤ የታመመውን ጎረቤት ያግዘው፤ ዘርና መኖ በጋራ ይገዛ፣ ወተትና እንቁላል በጋራ ይሸጥ። አባባ ይሄን ሲሰሙ ፊታቸው ፈታ አለ። «እንዲህ በሉኛ! ደቦና ወንፈል ነዋ!» አሉ። ከዴጋኒያ ወጥተው ናሃላል ከገቡት መካከል ሽሙኤልና ድቮራ ዳያን ነበሩ፤ በ1915 ዴጋኒያ ላይ የተወለደው ልጃቸው በኋላ የመከላከያ ሚኒስትር የሆነው ሞሼ ዳያን ነው።

አርብ፣ ናሃላል

ከአፉላ በጠዋቱ አውቶቡስ ወጣን። የሥራ ባልደረባዬ የሚያውቀው አንድ የናሃላል ገበሬ ሊቀበለን ፈቃደኛ ሆኖ ነበር። ከመሥራቾቹ የአንዱ የልጅ ልጅ ነው፣ ሰባ ዓመት አልፎታል። በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። አባባ ያለ ዱላ ሲያነክሱ አየና ሳይጠየቅ በረቱ ገብቶ ላም የሚነዳበትን ዱላ አምጥቶ ሰጣቸው። ጫፉ በላም ጥርስ የተላጠ ነው። አባባ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጎንበስ አሉ።

ሰፈራው የተጀመረው ሴፕቴምበር 11 ቀን 1921 ነው። ቦታው ረግረግ ነበር፣ ወባ ያለበት። ቧንቧ እየቀበሩ ውሃውን አንጠፈጠፉት። ሰውየው ስለ ወባው ሲያወራ እኔ ወደ አማርኛ ሳልመልስ አባባ «ማላሪያ» የምትለዋን ቃል ለቀም አደረጉ። ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ሄደው በወባ ተይዘው ተርፈዋል፣ ሁለት ጓደኞቻቸው ግን አልተመለሱም። ይሄን እኔም የሰማሁት ገና ያን ቀን ነው። ሁለቱ ሽማግሎች በእኔ በኩል እየተነጋገሩ፣ ብርድ ብርድ ማለቱን፣ ማንቀጥቀጡን፣ ላቡን በእጅ እያሳዩ ተግባቡ። ሰውየው ይሄን ሁሉ የሰማው ከአያቱ ነው።

ክቡን የነደፈው ሪቻርድ ካውፍማን የሚባል ከጀርመን የመጣ አርክቴክት ነው። መሐሉ የሁሉም ነው፤ ትምህርት ቤቱ፣ የማኅበሩ ቤት፣ መጋዘኑ እዚያ ነው። በዙሪያው ቤቶቹ። ከቤቱ ኋላ በረቱ፣ ከበረቱ ኋላ ማሳው። 80 ቤተሰብ፣ ለእያንዳንዱ ወደ 100 ዱናም። ይሄ አሥር ሄክታር ነው፤ በእኛ ልክ አርባ ጥማድ ገደማ፣ ሩብ ጋሻ። አባባ አርባ ጥማድ ሲባል ቆም አሉ። መሬት ለአራሹ ሲታወጅ የደረሳቸው ስድስት ጥማድ ነበር።

ከዚያ የመጡበትን ጥያቄ ጠየቁ። ድንበሩስ? ሰውየው ሳቀና ወደ ጓሮ ወሰደን። ማሳው ከበረቱ ጀርባ ጠበብ ብሎ ይጀምርና እየሰፋ ይሄዳል። በእርሱና በጎረቤቱ መካከል አንድ ቀጭን የትራክተር መንገድ ብቻ አለ። አጥር የለም፣ የድንጋይ ምልክት የለም። መሬቱ የማንም ስላልሆነ ነው አለ። የአይሁድ ብሔራዊ ፈንድ ነው ባለቤቱ፣ ገበሬው ለ49 ዓመት ተከራይቶ ያድሳል። «ጎረቤቴን አንድ ክንድ ብገፋው የገፋሁት የእርሱን አይደለም፤ ካርታው ቢሮ ተቀምጧል» አለ። አባባ «እንግዲህ እንደ እኛው የመንግሥት ነዋ» አሉና መንገዲቱን በአዲሱ ዱላቸው እየለኩ ጥቂት ሄዱ። ስድስት ጊዜ ጎንበስ ብለው ቦዩን ሲያዩ ቆጥሬያለሁ።

በረቱ ውስጥ ከሁሉ በላይ ደስ አላቸው። እያንዳንዷ ላም እግሯ ላይ እርምጃ የሚቆጥር ዕቃ አስራለች። ጆሮዋ ላይ ቢጫ ቁጥር። አንዷ ብቻዋን በቀን ወደ 40 ሊትር ትታለባለች። አባባ ሁለት ሊትር የምትሰጥ ላም ነበረቻቸው፣ እሷም ጥሩ ታላቢ ትባል ነበር። አንዷን ዳሌዋን ዳሰስ አደረጉና በምላሳቸው ጠቅ ጠቅ አሉላት፣ እንደ ጎንደር ላም። ጆሮዋን አዞረች። ሰውየው «ዕብራይስጥ ብቻ ነበር የምትሰማው» አለ።

ወተቱ የሚሄደው ታኑቫ ለሚባለው የወተት ድርጅት ነው። ታኑቫን በ1926 የመሠረቱት የኪቡትዝና የሞሻቭ ገበሬዎች ናቸው፣ ያፌም አንዱ ነበር። ሱቅ ገብተን የምንገዛው አይብ እንዲህ ካለ ሐሳብ የመጣ መሆኑን ሠላሳ ዓመት እዚህ ኖሬ አላውቅም ነበር።

ቁርስ ከባለቤቱ ጋር በረንዳ ላይ ቀረበልን። ነጭ አይብ፣ ኪያር፣ ወይራ፣ እንቁላል፣ ጥቁር ዳቦ። ሴትየዋ ስለ መንደሩ የሴቶች የእርሻ ትምህርት ቤት አወራችልን። ሐና ማይዜል የመሠረተችው ነው። ሐና ሴነሽ ከሃንጋሪ በ1939 መጥታ የተማረችው እዚያ ነው፤ በ1944 በጃንጥላ ወደ አውሮፓ ወርዳ ቡዳፔስት ላይ የተገደለችው ልጅ።

ሰውየው ያልተሳካውንም አልደበቀንም። መተጋገዙ አንዱ ለሌላው ዋስ መሆንም ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ የዋጋ ንረት መጣ፣ ወለድ ሰማይ ነካ፣ አንዱ መክፈል ሲያቅተው ዕዳው በማኅበሩ በኩል የጎረቤቱ ዕዳ ሆነ። ማኅበሮቹ ተራ በተራ ወደቁ። መንግሥት በ1992 የዕዳ ማስተካከያ ሕግ እስኪያወጣ ድረስ ብዙ ገበሬ እንቅልፍ አልነበረውም። እዚህ መንደር ዛሬ የሚያርሰው ጥቂቱ ነው፣ ልጆቹ ኮምፒውተር ቢሮ ይሠራሉ። ሠራተኛ አይቀጠርም የሚለው ደንብም ቀርቷል፤ በረቱን ሲያጥብ ያገኘነው ልጅ ከታይላንድ ነው። አባባ እጅ ነሱት። እርሱም ሁለት መዳፉን ገጥሞ መለሰላቸው።

አንድ ነገር አባባን አላስደሰታቸውም። እርሻው አይከፋፈልም፣ ከልጆቹ አንዱ ብቻ ይወርሳል፤ «ቤን ማምሺኽ» ይሉታል፣ ቀጣዩ ልጅ እንደ ማለት። «ሌሎቹስ ልጆቹ አይደሉም?» አሉ። ጎንደር ርስት ያለው ሰው ለሁሉም ያካፍላል። ሰውየው ቢካፈል ኖሮ ዛሬ ለእያንዳንዱ የአንድ ላም ቦታ አይደርሰውም ነበር አለ። አባባ አሰቡና «ልክ ነህ፣ ግን ያሳዝናል» አሉ። ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻቸው። በኋላ እንደገባኝ ባሏ ያልወረሱ ሦስት ወንድሞች አሉት።

ከዚያ ወደ መቃብሩ ኮረብታ፣ ሺምሮን ወጣን። ሞሼ ዳያን እዚያ ተቀብሯል፣ በ2003 በኮሎምቢያ የጠፈር መንኮራኩር የሞተው ኢላን ራሞንም። ናሃላል ሙሉ ክቡ ከላይ ይታያል። ስንዴው አረንጓዴ፣ የታረሰው ጥቁር፣ አንዱ ሽንሽን ከሌላው እየተለየ። አባባ «ድፎ ዳቦ!» አሉ። እውነትም ልክ እንደ ድፎ ዳቦ ከመሐል ወደ ዳር ተቆርሷል።

ነህላል የሚለው ስም መጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 19 ላይ በዛብሎን ርስት ውስጥ አለ። ግን በዚሁ ሰፈር ማሃሉል የሚባል ስምም ነበር፤ ዳያን ራሱ በ1969 ናሃላል በማሃሉል ቦታ ተተካ ብሎ ለተማሪዎች ተናግሯል። በአቅራቢያው ማዕሉል የምትባል የዐረብ መንደር ነበረች፣ ሱርሱኮች መሬቷን አብዛኛውን ሲሸጡ ገበሬዎቿ እዚያው እየኖሩ ቆዩ። ሐምሌ 1948 በጦርነቱ ተባረሩ፣ ብዙዎቹ ናዝሬት ናቸው። ሁለት ቤተ ክርስቲያንና አንድ መስጊድ ጥድ ውስጥ ቆመዋል፣ ተወላጆቹ በየዓመቱ በነጻነት ቀን እየመጡ ምሳ ይበሉበታል። ረቡዕ ጢሰኞቹ የት ሄዱ ብለው ለጠየቁት መልሱ ይሄ ነበር፣ ነገርኳቸው። አባባ ረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «የእኔን ስድስት ጥማድ ማን እያረሰው ይሆን?» አሉ። ሁለቱን አንድ ናቸው አላሉም፣ እኔም አልልም። እኛ ወደን ነው የመጣነው። ግን የትውልድ መንደሩን ጥሎ የሄደ ሰው ሌላውን ያውቀዋል።

ችግሩ መመለሻው ላይ መጣ። አርብ አውቶቡስ ለሰንበት ቀድሞ እንደሚቆም እያወቅሁ የስልኩን የአውቶቡስ ሰዓት አምኜ ቆየሁ። ዋናው መንገድ ስንደርስ የመጨረሻው አውቶቡስ ሄዷል። ፀሐይ አዘንብላለች፣ ውሃችን አልቋል፣ አባባ ፌርማታው ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። ሃምሳ ደቂቃ ቆመን። በመጨረሻ ወደ ናዝሬት የሚመለስ ዐረብ ባለታክሲ አዘነልንና ዞሮ አፉላ አደረሰን፣ 130 ሸቀል። ያለውን ውሃ ለአባባ ሰጣቸው። ሰንበት ሊገባ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ነው አክስቴ ደጃፍ የወረድነው። ፊቷን አታሳየን!

ቅዳሜ፣ አፉላ

«ሰንበት ሰላም» እየተባባልን ዋልን። ጎረቤቶች መጡ፣ ሁሉም ጎንደሬዎች። አክስቴ ዳቦውን አቀረበች፣ አባባ ባርከው ቆረሱ። ወሬው አንድ ነበር፤ እኛ ገበሬዎች ሆነን ለምን ሞሻቭ አልገባንም? ከየመንና ከሞሮኮ የመጡት በ1950ዎቹ በመቶ የሚቆጠር ሞሻቭ ተሠርቶላቸዋል፣ ዛሬ በአገሩ ከ400 በላይ ሞሻቭ አለ። እኛ ከ1984 እስከ 1991 ስንመጣ ግን ሞሻቮቹ ዕዳ ውስጥ ነበሩ። መርካዝ ቅሊታ፣ የአዲስ መጤ መቀበያ ውስጥ አስቀመጡን፣ ከዚያ የቤት ብድር ይዘን እንደ አፉላና ኔታንያ ያሉ ከተሞች ገባን። እኔ ሰበቡ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አንድ ጎረቤት ግን «ማንም አርሰህ ታውቃለህ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም» አለ። እሱም እውነት ነው። ሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖት ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁት።

አባባ እስከ ማታ ድረስ ስለ ድንበሩ አስረዱ። መሬት ላይ በሱፍ ቅርፊት ክቡን ሠርተው፣ ቤቱ እዚህ፣ በረቱ እዚህ፣ መንገዲቱ ይቺ ናት እያሉ።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ወደ አፉላ ባቡር ምቹ ነው፣ ከዚያ አውቶቡስ። ውሃ ያዙ። ሺምሮን ዳገት አለው፣ ሽማግሌ ካለ በታክሲ ይሻላል። ኮረብታው ላይ ጠዋት ውጡ፣ ያኔ ክቡ ጎልቶ ይታያል። አርብ በፍጹም አትሂዱ። አባባ ደግሞ ስንዴው ሲዘራ ማየት ይፈልጋሉ፤ ሰውየው ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ኑ ብሏቸዋል። ረቡዕ ቀን እንሄዳለን።